«በሞቴ ብላ» በሚባልበት ቤት

ነሐሴ 2016 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ልንገዛ ወጣን። ልጄ አራተኛ ክፍል ሊገባ ነው፤ ዘጠኝ ዓመቱን አልፏል። ሻጩ በዕድሜው ልክ ያለውን ሱሪ አወጣለት። ጭኑ ላይ ቆመ። ቀጥሎ ያለውን ሞከርን፤ ቁልፉ አልገጥም አለ። በመጨረሻ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ የሚለብሰውን ወስደን እግሩን አንድ ስንዝር ያህል አስቆረጥነው። ልጄ ይህ ሁሉ ሲሆን ቃል አልወጣውም። ታክሲ ውስጥ ገብተን ከተቀመጥን በኋላ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ፣ «እማዬ፣ ዘንድሮ የስፖርት ክፍለ ጊዜ ባልገባ ትቆጫለሽ?» አለኝ።

አንጀቴን በላው። ለምን ብዬ ስጠይቀው መጀመሪያ ዝም አለ። ማታ ሊተኛ ሲል ነው የነገረኝ። ልጆቹ «ዱባ» ይሉታል። ኳስ ሲጫወቱ ሁልጊዜ በረኛ ያደርጉታል፤ ሩጫ ሲሆን ደግሞ ማንም ከሱ ቡድን መሆን አይፈልግም። ይህ ከጀመረ ዓመት አልፎታል። እኔ እናቱ አላውቅም ነበር።

ስሙን እዚህ አልጠቅስም። ልጽፍ ነው ብዬ ስጠይቀው «ስሜን ካልጻፍሽ እሺ» ብሎኛል። የምጽፈውም እኔ ያኔ የጠፋብኝን ነገር ሌላ እናት ወይም አባት ቀድሞ እንዲያገኘው ብዬ ነው።

እንዴት ሳላይ ቀረሁ? ይህን ራሴን ብዙ ጊዜ ጠይቄዋለሁ። አንዱ መልስ ሰው ሁሉ ያመሰግነኝ ስለነበር ነው። እንግዳ ሲመጣ «እንዴት አማረበት! ምን እያበላሽው ነው?» ይባላል። ጎረቤት ጉንጩን ይዞ ይስመዋል። እኛ ዘንድ የወፈረ ልጅ የተመቸው ልጅ ነው፤ የከሳ ልጅ ደግሞ እናቱን ያስወቅሳል። በአገር ደረጃም ወሬው ሁሉ ስለሌላኛው ችግር ነው፤ እውነትም ትልቁ ችግር እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው፣ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ልጆች 38 በመቶው ቀንጭረዋል። ከልክ በላይ የወፈሩት 1 በመቶ ብቻ ነበሩ። እንዲህ ባለ አገር ውስጥ «ልጄ ወፍሮብኛል» ማለት እንደ ቅብጠት ይቆጠራል። እኔም አፍሬ ነው ዝም ያልኩት።

ሁለተኛው መልስ ቤታችን ውስጥ አለ። የባለቤቴ እናት አብረውን ነው የሚኖሩት። የወሎ ሰው ናቸው። የ77ቱን ድርቅ በዓይናቸው አይተዋል፤ በዚያ ዓመት ከቤታቸው ሰው ቀብረዋል። ልጄ ሲወለድ የመጀመሪያውን ጉርሻ ለማጉረስ ስድስት ወር እስኪሞላው ቀን ይቆጥሩ ነበር። ለእሳቸው ሥጋ የያዘ ልጅ ማለት ሞት የማይደርስበት ልጅ ማለት ነው። ሳህኑን ጨርሶ ሊነሳ ሲል «በሞቴ! አፈር ስሆን! አንድ ጊዜ ብቻ» ይሉታል። በሞቴ የተባለ ልጅ እንዴት እምቢ ይላል? አንዷ ጉርሻ ሦስት፣ ሦስቷ ስድስት ትሆናለች።

መስከረም ላይ የልጆች ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። የወሰድኩትም ለክብደቱ ብዬ አልነበረም፤ ያሳሰበኝ አንገቱ ነው። የአንገቱ ዙሪያ ጠቁሮ ወፈር ብሎ ነበር፤ ብብቱም እንደዚያው። ቆሻሻ መስሎኝ ወራት ሙሉ በሎሚና በሳሙና ስፈትገው ነበር። አንዳንዴ እስኪያለቅስ ድረስ። ይህን ስጽፍ ዛሬም እጄ ይከብደኛል።

ዶክተሯ አንገቱን ገለጥ አድርገው አዩና፣ «ይሄ ቆሻሻ አይደለም፤ ከእንግዲህ አትፈትጊው» አሉኝ። ሰውነት ኢንሱሊን የሚባለውን ንጥረ ነገር በደንብ መጠቀም ሲያቅተው፣ ብዙ ጊዜ እንዲህ አንገትና ብብት ላይ ምልክት ያወጣል። ስኳር በሽታ ገና ሳይመጣ ሰውነት የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ ነው። ቀጠሉና «በቤተሰብ ስኳር ያለበት አለ?» ብለው ጠየቁኝ። አማቴ አለባቸው። ከዓመታት ጀምሮ ሜትፎርሚን የሚባለውን የስኳር ክኒን ይወስዳሉ። ይህን መልስ ስሰጥ ሁለቱ ነገሮች በአእምሮዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ተገናኙ።

ቁመቱ 1 ሜትር ከ34 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 41 ኪሎ ነበር። ዶክተሯ ቁጥሩን ጮክ ብለው አልተናገሩም። ወረቀት ላይ ጽፈው ለኔ አሳዩኝ። ስሌቱን እናንተም ቤት ልትሠሩት ትችላላችሁ። ክብደቱን በሜትር ለተለካው ቁመት ሁለት ጊዜ ማካፈል ነው። 41ን ለ1.34፣ የሚመጣውን ደግሞ እንደገና ለ1.34 ስታካፍሉት 22.8 ይሆናል። ለአዋቂ ሰው ይህ ጤናማ ቁጥር ነው። ለልጅ ግን እንደዚያ አይነበብም። በዕድሜና በፆታ የተዘጋጀ ሰንጠረዥ አለው። በዓለም ጤና ድርጅት ሰንጠረዥ መሠረት በሱ ዕድሜ ያለ ወንድ ልጅ መካከለኛው 16 ገደማ ነው። ከ21 ሲያልፍ ከልክ ያለፈ ውፍረት ይባላል። ስለዚህ ልጅን በዓይን ገምቶ ወይም በአዋቂ ቁጥር መዝኖ «ደህና ነው» ማለት ያሳስታል።

«የሆርሞን ችግር ይሆን?» ብዬ ጠየቅኩ። ብዙ እናት ይህን የምትጠይቅ ይመስለኛል፤ ጥፋቱ ከቤት ውጭ እንዲሆን እንፈልጋለን። ዶክተሯ የቁመቱን ዕድገት አሳዩኝ። የሆርሞን ችግር ያለበት ልጅ ብዙ ጊዜ ቁመቱ ይገታል። የኔ ልጅ ግን በደንብ እየረዘመ ነበር። የደም ምርመራ ታዘዘ። ስኳሩ ገና ጤናማ ነበር። የጉበቱ ውጤት ግን ትንሽ ከፍ ብሏል። በዘጠኝ ዓመቱ ጉበቱ ላይ ስብ ሳይጀምረው አልቀረም።

ከዚያ ሁለት ነገር ነገሩኝ። አንደኛው፣ «እንዲከሳ አትሩጪ። ክብደቱ ባለበት ይቁም፤ ቁመቱ ይደርስበታል» የሚል ነው። በማደግ ላይ ያለ ልጅ ይህ ዕድል አለው፤ እኛ አዋቂዎች የለንም። ሁለተኛው፣ «ለሱ ብቻ የተለየ ሳህን እንዳታቀርቢ» የሚል ነበር።

እሺ ብዬ ወጣሁ። ቤት ገብቼ ግን በትክክል ተቃራኒውን አደረግኩ።

ፈርቼ ነበር። በፍርሃት የሚሠራ ሥራ ደግሞ አያምርም። ቅዳሜ ሚዛን ገዛሁ። በየሳምንቱ አቆመው ጀመር። ሌላው ሰው ጥብስ ሲበላ ለሱ የተቀቀለ ጎመንና ግማሽ እንጀራ አቀርባለሁ። ታናሽ እህቱ ብስኩት ስትበላ እሱን ወደ ሌላ ክፍል እልከዋለሁ። «ሆድህን እየው» ያልኩበትም ቀን አለ። በሦስተኛው ሳምንት አንሶላ ልቀይር ፍራሹን ሳነሳ የብስኩትና የቺፕስ ላስቲክ አገኘሁ። 17 ነበሩ፤ ቆጠርኳቸው። አያቱ የሚሰጡትን ሳንቲም እያጠራቀመ ከታች ካለው ሱቅ እየገዛ ነበር። ሌሊት ሰው ሲተኛ ነው የሚበላው። ስጠይቀው አልዋሸኝም። «ርቦኝ ነው» አለ።

በዚያ ቀን ሚዛኑን ለጎረቤት ሰጠሁት። ባለቤቴና እኔ ማታ ቁጭ ብለን ተነጋገርን። ልጁ የሚበላውን እሱ አልገዛውም። ዘይቱን እሱ አልጨመረም። ለስላሳውን በሳጥን ያስመጣነው እኛ ነን። ስልኩን ከፍተን የሰጠነው፣ በመኪና መንገድ ላይ አትውጣ ያልነው፣ እስከ አራት ሰዓት ተኩል ማታ ያስቀመጥነው እኛ ነን። ስለዚህ የሚለወጠው ቤቱ ነው። ልጁ አብሮን ይኖርበታል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የያዝነው አንድ ደንብ አለ። ምን እንደሚቀርብ፣ መቼና የት እንደሚበላ እኛ ወላጆች እንወስናለን። ምን ያህል እንደሚበላ እሱ ይወስናል። ማንም «ጨርስ» አይለውም። ማንም «ይበቃሃል» አይለውም። የኋለኛውን ቃል ማቆም ለኔ ከባዱ ነበር። ሁለተኛ እንጀራ ሲያነሳ ምላሴን ነክሼ ዝም ያልኩባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። ከሁለት ወር ያህል በኋላ ግን አንድ ቀን ግማሹን ትቶ «ጠገብኩ» አለ። ይህን ቃል ከአፉ ከሰማሁ ስንት ዓመት እንደሆነኝ አላስታውስም።

መጀመሪያ የነካነው ለስላሳውን ነው። እኛ ቤት 24 ጠርሙስ የሚይዝ ሳጥን «ለእንግዳ» እየተባለ ሁልጊዜ በረንዳ ላይ ይቀመጣል። አንድ ሳምንት ምንም ሳልናገር ባዶ ጠርሙሶቹን ቆጠርኩ። እንግዳ የመጣው አንድ ቀን ነው። ባዶው ጠርሙስ ግን 13 ነው። በአንድ 300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ውስጥ 32 ግራም ገደማ ስኳር አለ፤ ስምንት የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። የአሜሪካ የልብ ማኅበር ለልጆች የሚመክረው በቀን ከ25 ግራም ያነሰ የተጨመረ ስኳር ነው። አንዷ ጠርሙስ ብቻዋን ታልፈዋለች። ቅዳሜ ምሳ ላይ ሁሉም ባሉበት ባዶ ብርጭቆ አምጥቼ ስምንት ማንኪያ ስኳር ጨመርኩበት። ንግግር አላደረግኩም። የጠርሙሱን ጽሑፍ ለባለቤቴ ሰጠሁት፣ ጮክ ብሎ አነበበው። ትንሿ ልጄ «ይሄን ሁሉ በማንኪያ ብበላው ያመኛል» አለች።

ሳጥኑን መለስነው። እንግዳ ሲመጣ ከሱቅ በቁጥር ይገዛል። ለልጆቹ በዓልና ልደት ላይ ይፈቀዳል፤ ጨርሶ የከለከልነው ነገር የለም። ከፍራሹ ሥር ያገኘሁት ላስቲክ ይህን አስተምሮኛል። የጁስ ቤት ጁስም አታለለን። ፍራፍሬ ነው እያልን ማንጎውንና አቮካዶውን ከነስኳሩ ስናጠጣ ነበር። አሁን ማንጎ በቢላ ይላጣል፣ ይበላል። የሻዩን ስኳር ደግሞ ማንም ሳያውቅ ነው የቀነስኩት። ሦስት ማንኪያ የነበረውን በየሁለት ሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ እያነሳሁ ወደ አንድ አወረድኩት። ባለቤቴ ያወቀው ሌላ ሰው ቤት ሻይ ሲጠጣ ነው፤ «ማር ነው እንዴ ያጠጡኝ?» ብሎ መጣ።

ባለቤቴን ካነሳሁ የሱንም ልንገራችሁ። እሱ አምሽቶ ነው የሚገባው። የምንኖረው ሊፍት የሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ልጆቹ እግሩን ደረጃው ላይ ሲሰሙ በሩ ላይ ይቆማሉ፤ «አባዬ፣ ምን ይዘህ መጣህ?» ይሉታል። ዶናት ነው፣ ኬክ ነው፣ ቸኮሌት ነው። ቀኑን ሙሉ ስላላያቸው በእጁ ባዶ መግባት አይሆንለትም። ይህን «ተው» ብለው ልቡ ይሰበራል፤ እኔም አልፈልገውም። ይዞ የሚመጣውን ነው የቀየርነው። በክረምት የተጠበሰ በቆሎ፣ ከጥቅምት በኋላ የሽምብራ እሸት፣ በሌላው ጊዜ ብርቱካን ወይም ዘይቱና። አንዳንዴም ብይ፣ የዝላይ ገመድ። የሽምብራ እሸት ትልቅ ግኝት ነው። ከነእግሩ ይመጣል፤ ቁጭ ብሎ አንድ በአንድ መፈልፈል ይጠይቃል። ልጆቹ ከአባታቸው ጋር ግማሽ ሰዓት ያወራሉ፤ የሚበሉት ግን እፍኝ አይሞላም።

አማቴን በተመለከተ ግን ብዙ አስቤበታለሁ። እሳቸውን «አያብሉት» ማለት «አይውደዱት» ማለት ነው። ደግሞም የእንጀራ ልጅ አድርጌ ልጁን በረሃብ የምቀጣ እንዲመስላቸው አልፈለግኩም። ሐኪም ቤት የተነገረኝን ገና አልነገርኳቸውም ነበር። አንድ ከሰዓት ቡና ተፈልቶ ሳለ ልጁን ጠርቼ አንገቱን አሳየኋቸው። «እማማ፣ ይሄ የስኳር መንገድ ነው ብለውኛል። የእርስዎ ዓይነት ስኳር።» አልኳቸው። ዝም አሉ። ሲኒውን አስቀመጡ። በጣታቸው አንገቱን ዳሰሱት። በየቀኑ ክኒን መዋጥ፣ እግር መደንዘዝ፣ ዓይን መድከም ምን እንደሆነ ከማንም በላይ ያውቃሉ። «እኔ ነኝ ያወረስኩት?» አሉ። የለም አልኳቸው፤ ዝርያው ቢኖርም እንዳይነቃ ማድረግ ይቻላል። «እርስዎ ልጅ ሳሉ መክሰስ ምን ይበሉ ነበር?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ያን ጊዜ ፊታቸው ተፈታ። ንፍሮ፣ ቆሎ፣ በሶ፣ እሸት፣ ጎመን፣ አሬራ። እኔም ልጅ ሆኜ አንዳንዱን በልቼዋለሁ። በመሀል የት እንደጠፋ እንጃ።

የመክሰሱን ኃላፊነት ለእሳቸው ሰጠኋቸው። ማታ ስንዴና ሽምብራ ወይም ባቄላ ይዘፈዝፋሉ፤ ጠዋት ያስቀቅላሉ። ልጆቹ ከሰርቪስ ሲወርዱ ንፍሮው ትኩስ ሆኖ በትንሽ ጨውና ሚጥሚጣ ይጠብቃል። መጀመሪያ ትንሿ ልጄ አኮረፈች። ትልቁ ግን አያቱ የሠሩት ስለሆነ በላ። ለትምህርት ቤት መክሰስ ከቺፕስና ከብስኩት ይልቅ ቆሎ ከለውዝ ጋር፣ ሙዝ፣ ካሮት፣ አንዳንዴ የተቀቀለ እንቁላል እንይዛለን። ለምሳ ዕቃው ፓስታና ሩዝ በሳምንት አንድ አንድ ቀን፤ ሌላውን ቀን እንጀራ በሽሮ፣ በምስር፣ በአትክልት። ጉርሻውስ? ጉርሻ አልቀረም። እሱ እንዲቀር የጠየቀም የለም። ከአማቴ ጋር ተስማምተን ወደ መጀመሪያ አመጣነው። ማዕድ ሲቀርብ ሁለት ጉርሻ ያጎርሱታል፤ አንድ ያጣላል ይባላልና። ከዚያ በኋላ በራሱ እጅ ይበላል። «በሞቴ» የምትለዋ ቃል አንዳንዴ ታመልጣቸዋለች። ሲያመልጣቸው ልጁ ራሱ «እማማ፣ ሞት የለም፤ ጠግቤ ነው» ይላቸዋል።

ዘይቱን ለሠራተኛችን በቃል ብነግራት አይሆንም ነበር፤ ሁላችንም ወጥ ስንሠራ በዓይን ነው የምንጨምረው። ጭልፋ ለየንላት። ለአንድ ድስት ይህን ያህል ጭልፋ ተባባልን። ሽንኩርቱ ቀድሞ በደረቁ፣ ውኃ ጠብ እያለበት ይቁላላል፤ ዘይቱ በኋላ ይገባል። ሦስት ሳምንት የማይዘልቀው አምስት ሊትር ጀሪካን አሁን ወር ከሃያ ቀን ይሄዳል። በዚህ ኑሮ ውድነት እሱም ትንሽ ነገር አይደለም።

ቴሌቪዥኑን እራት ላይ ማጥፋት አስቸግሮናል። እውነቱን ለመናገር ከልጆቹ ይልቅ አስቸጋሪዎቹ እኛ ነበርን። ስልካችንን ሁላችንም መደርደሪያ ላይ እናስቀምጣለን፤ አማቴም ጭምር። ልጁ ካርቱን እያየ ሲበላ ምን እንደበላ አያውቅም ነበር። ሆድ መጥገቡን ለጭንቅላት እስኪነግር ሃያ ደቂቃ ያህል ይፈጃል ይባላል። እኛ በሰባት ደቂቃ እየጨረስን ነበር የምንነሳው።

እንቅልፉን ደግሞ ማንም ከክብደት ጋር ያገናኘው አልነበረም፤ እኔም ጭምር። ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ተኝቶ ከንጋቱ 12 ሰዓት ይነሳል። ሰባት ሰዓት ተኩል ማለት ነው። ለሱ ዕድሜ የሚመከረው ከ9 እስከ 12 ሰዓት ነው። እንቅልፍ ያልጠገበ ልጅ ይርበዋል፤ ይበልጥ ጣፋጭ ያምረዋል። ቀስ እያልን ወደ 2 ሰዓት ተኩል አመጣነው። የቤት ሥራው እንደመጣ፣ ንፍሮው ከተበላ በኋላ ሆነ። ስልክና ታብሌት ሳሎን ውስጥ ነው ቻርጅ የሚደረገው፤ መኝታ ክፍል አይገባም። ማንኮራፋቱም ቀነሰ። ልጃችሁ ወፍሮ የሚያንኮራፋ ከሆነ፣ በተለይ በእንቅልፉ መሀል ትንፋሹ ቆም ካለ፣ ሳትቆዩ ለሐኪም ንገሩ።

እንቅስቃሴ ላይ ብዙ ተሳስተናል። መጀመሪያ አባቱ ጠዋት ሊያሮጠው ሞከረ። በሁለተኛው ቀን እያለቀሰ ተመለሰ። ሩጫ ማለት ለሱ የሚሳቅበት ቦታ ነው። ኳስም እንደዚያው። ከዚያ በወረዳው ወጣት ማዕከል ቴኳንዶ አስገባነው። እዚያ ክብደቱ አላሳፈረውም፤ ሲመታ የሚሰማው ድምፅ ከሌሎቹ ልጆች ይበልጥ ነበር። አሠልጣኙ «ጉልበት አለህ» አለው። ስለ ሰውነቱ ጥሩ ነገር ከውጭ ሰው ሲሰማ የመጀመሪያው መሰለኝ። በሳምንት ሦስት ቀን ይሄዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን በአማካይ ቢያንስ 60 ደቂቃ እንቅስቃሴ ይላል፤ በቀረው ቀን እኛ ይህን በአንድ ጊዜ አናገኘውም። ደረጃውን ይወጣል። ውኃ በፈረቃ ሲመጣ ትንሿን ጀሪካን ይይዝልኛል። ከታች መኪና ማቆሚያው ላይ አባሮሽና ሰኞ ማክሰኞ ይጫወታሉ፤ እኔ ወይም ሠራተኛችን በረንዳ ላይ ቆመን እናያቸዋለን። በወር አንድ እሁድ እንጦጦ ፓርክ ወጥተን ዛፍ ለዛፍ እንራመዳለን። ዳገቱ ለኔ ከሱ ይልቅ ይከብደኛል።

ሁለት ጊዜ ወደ ኋላ ተመልሰናል። አንደኛው በዐቢይ ጾም ነው። ልጁ ሰባት ዓመት ስለሞላው ይጾማል። የጾም ምግብ ቀላል ነው እንላለን፤ 55 ቀን ሙሉ ግን ጠዋት ዳቦ በማርማላታ፣ መክሰስ ሳምቡሳና ቦምቦሊኖ፣ ማታ በዘይት የራሰ ድንች ከሆነ ምን ቀላል አለው? ሦስተኛው ሳምንት ላይ ነቃሁ። አዚፋ፣ የተልባ ፍትፍት፣ ስልጆ፣ ጎመን፣ ቀይ ሥር መለስኩ። ጠዋት በሶ ሆነ። ሁለተኛው በፋሲካ ማግስት ነው። የበዓሉን ሳምንት ማንንም አልከለከልንም፤ ዶሮው ተበላ፣ ዳቦው ተቆረሰ፣ ለስላሳው ተከፈተ። ሳምንቱ ግን ወደ ሦስት ሳምንት ተጎተተ። ማንም ማንንም አልወቀሰም። አንድ ሰኞ ንፍሮው ተዘፈዘፈ፣ ቀጠልን።

ከዘመድ ጋር ያለው ነገር እስከ ዛሬ አላለቀም። ሰው ቤት ስንሄድ «ከሳብሽ፣ ምን ሆነ?» ይሉኛል ልጁ እየሰማ። ስለ ልጅ ሰውነት፣ ወፈረም ከሳም፣ እፊቱ እንዳይወራ አጥብቄ እለምናለሁ። እናንተም ለምኑ። «አማረበት» የምትለዋን እንኳ እኛ ቤት ለአዲስ ልብስ ብቻ ነው የምንላት።

መስከረም 2018 ላይ፣ ከዓመት በኋላ፣ ዶክተሯ ዘንድ ለመደበኛው ክትትል ቀረብን። በመሀሉ በየሦስት ወሩ ነበር የምንሄደው፤ የሚመዘነውም እዚያ ብቻ ነው። ቁመቱ 1 ሜትር ከ39 ሳንቲ ሜትር ተኩል ሆኗል። ክብደቱ 42 ኪሎ ነው። በአንድ ዓመት አንድ ኪሎ ብቻ ጨመረ፤ ቁመቱ ደግሞ አምስት ሳንቲ ሜትር ተኩል። 22.8 የነበረው ወደ 21.6 ወርዷል። ከልክ ያለፈ ውፍረት የሚባለው መስመር አጠገብ ነው ያለው፤ ገና ብዙ ይቀረዋል። የጉበቱ ምርመራ ተስተካክሏል። የአማቴም ስኳር ከነበረበት ወርዷል። ባለቤቴ የሚያጠብቅበት የቀበቶ ቀዳዳ ሁለት ወደ ውስጥ ገብቷል።

አንገቱ እየነጣ ነው፤ ከኋላ በኩል ግን ጥላ መሳይ ነገር አሁንም አለ። እሱም በጊዜው ይለቃል ብለውኛል። ጠዋት ዩኒፎርሙን ሲለብስ ኮሌታውን የሚያስተካክሉለት አማቴ ናቸው። በዚያው ዳሰስ ያደርጉትና «ዛሬ ደግሞ ባቄላ ነው» ይሉታል።